የዓሣ ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት፦ በጓሮ ዓሣ ለማርባት ምን መታቀድ አለበት?

በጓሮው ዓሣ ለማርባት የተነሣ አርሶ አደር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጫጩቱን ከየት እንደሚያገኝ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢኾንም ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰውም የሚመገበውም በውኃ ውስጥ በመኾኑ የሥራው ውጤት የሚወሰነው ጫጩቱ ከመምጣቱ፣ እንዲያውም ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት በሚደረግ ምርጫ ነው። ውኃ በማይቋጥር አፈር ላይ የተቆፈረ ኩሬ የቤተሰቡን ጉልበትና ጥሪት ይውጣል። ሙቀት የሚሻ ዝርያ ብርድ በሚጸናበት ደጋ ቢጣል ደግሞ ዓመት ሙሉ ቢቀለብም ለገበያ አይደርስም።

ውኃውን በበርሜል መቁጠር

ለማሳያ ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20፣ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር የኾነ ኩሬ እንውሰድ። ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ሲኾን የሚይዘው ውኃም በግምት 200 ሺህ ሊትር ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢለካ 1 ሺህ በርሜል ማለት ነው። በበጋ ፀሐይ ውኃው በቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢቀንስ ከዚህ ኩሬ በየዕለቱ 1 ሺህ ሊትር ወይም 5 በርሜል ውኃ ይተናል። ወደ አፈር የሚሰርገው ከዚህ በተጨማሪ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "በሚያዝያና በግንቦት የሚተካውን ውኃ ከየት አገኛለሁ?" የሚል መኾን ይኖርበታል። በመስከረም ሞልቶ የሚፈስ ምንጭ ሁሉ በሚያዝያ አይፈስም። ውኃው ከመስኖ ቦይ የሚጠለፍ ከኾነም ከላይ ባሉት ማሳዎች ላይ የሚረጨውን ማወቅ ያስፈልጋል። ለሽንኩርትና ለቲማቲም የሚረጩ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በጥቂት መጠን እንኳ ወደ ኩሬ ቢገቡ ዓሣ ሊጨርሱ ይችላሉ። የመርጫ መሣሪያን በኩሬው ወይም ኩሬውን በሚመግበው ቦይ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም።

አፈሩን መፈተን

የሸክላነት ባሕርይ ያለው አፈር ውኃ ይቋጥራል፤ አሸዋማና ጠጠራማ አፈር ያሰርጋል። ይህን ለመለየት ወጪ የማይጠይቅ ፈተና አለ። ኩሬው ይቆፈርበታል በተባለው ቦታ ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ተቆፍሮ በማለዳ ውኃ ይሞላል። እስከ ምሽት የተወሰነው ውኃ መስረጉ የሚጠበቅ ነው። ምሽት ላይ እንደገና ተሞልቶ በቅጠል ተሸፍኖ ያድራል። በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ውኃ በቦታው ካለ መሬቱ ለኩሬ ይኾናል። ጉድጓዱ ደርቆ ካደረ ግን ሌላ ቦታ መፈለግ አለያም ጂኦ ሜምብሬን ማንጠፍ ግድ ነው።

በሲሚንቶ ለመሥራት የሚያስቡም አሉ። አዲስ ሲሚንቶ የውኃውን የአልካላይነት መጠን ስለሚያንረው ኩሬው ተሞልቶ፣ ሰንብቶ፣ ውኃው ተደፍቶና በተደጋጋሚ ታጥቦ ካልኾነ በስተቀር ዓሣ ሊገባበት አይገባም። በተቃራኒው የጎጃምና የአዊን አካባቢዎች ጨምሮ በበርካታ ወረዳዎች የሚታየው አሲዳማ አፈር የኩሬውንም ውኃ አሲዳማ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ እንደ እርሻ መሬቱ ሁሉ የኩሬው ወለልም ውኃ ከመሞላቱ በፊት በግብርና ኖራ ይታከማል።

ለአየር ጠባዩ የሚስማማ ዝርያ

በአገራችን ለኩሬ በብዛት የሚመረጠው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲኾን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ከተጠጋ ደግሞ ይሞታል። ሌሊቱ ውርጭ በሚጥልበት ደጋ ቆሮሶ ማርባት ከዚህ አንጻር አያዋጣም። ካርፕ ብርድን የተሻለ ቢቋቋምም አገር በቀል ዝርያ ባለመኾኑ አምልጦ ወደ ወንዝና ሐይቅ እንዳይገባ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። ጣና ሐይቅ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ በርካታ የባርበስ ወገን ዓሦች መኖሪያ ነውና ወደ ሐይቁ በሚገቡ ወንዞች ዳር ያሉ ኩሬዎች መውጫቸው በወንፊት ሊዘጋ ይገባል።

የኩሬው አሠራር

ጥሩ ኩሬ ሙሉ በሙሉ መፍሰስ የሚችል ኩሬ ነው። ወለሉ ከመግቢያው ወደ መውጫው እያዘቀዘቀ ይሠራል። ጥልቀቱ በመግቢያው በኩል 80 ሴንቲ ሜትር፣ በመውጫው በኩል ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 1 ሜትር ከ50 ሴንቲ ሜትር ቢኾን መልካም ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ከተቆፈረ ክረምት ሲገባ ይናዳል፤ ተዳፋት ኾኖ በእርጥበት እየተጠቀጠቀ መሠራት አለበት። ከኩሬው የሚለቀቀው ውኃ ለአትክልት የሚስማማ ማዳበሪያ ስለኾነ ጎመንና ሽንኩርቱን ከኩሬው ዝቅ ብሎ ማልማት ይመከራል።

ኩሬው ለቤት ቅርብ፣ ፀሐይ የሚያገኘውና ጎርፍ የማይደርስበት ሊኾን ይገባል። ለቤት መቅረቡ ለጥበቃ ቢጠቅምም ለሕጻናት አደጋ ነው። ስለዚህ ውኃ ከመሞላቱ በፊት ዙሪያው በጠንካራ አጥር መታጠር አለበት። ይህ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም። በዳርቻው የሚበቅለው ሣርም የወባ ትንኝ መራቢያ እንዳይኾን በየጊዜው ይታጨዳል።

መኖው ከውኃው ይጀምራል

ቆሮሶ በውኃ ውስጥ የሚያድጉ ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅዋትን ይመገባል። እነዚህ እንዲበዙ ኩሬው በፍግ ይዳብራል። መጠኑን ለማወቅ ክንድን ወደ ውኃው ማስገባት በቂ ነው። ውኃው ክርን ላይ ሲደርስ መዳፍ ከዓይን ከተሰወረ ውኃው ለምቷል። ከዚያ በፊት ከተሰወረ በዝቷልና ፍግ መጨመር ይቆማል፤ ክርን ካለፈም በኋላ መዳፍ የሚታይ ከኾነ ገና ይቀረዋል።

ተጨማሪ መኖ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ሊዘጋጅ ይችላል። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ መስጠት ይገባል። ሳይበላ የሚተርፈው መኖ ወለሉ ላይ በስብሶ ኦክስጅን ይሻማል። ደቃቆቹ ዕፅዋትም ቀን ኦክስጅን ቢሰጡም ሌሊት ይጠቀሙበታል። ዓሦች ንጋት ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው አየር ሲስቡ ከታዩ አየር አጥሯቸዋል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ መኖና ፍግ አቁሞ ንጹሕ ውኃ ከከፍታ እያፈሰሱ ማስገባት ያድናቸዋል።

ብዛት ሁልጊዜ በረከት አይደለም

ቆሮሶ ገና በትንሽነቷ መራባት የምትጀምር፣ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ የምታሳድግ ዓሣ ናት። በኩሬ ውስጥ ወንድና ሴት ከተቀላቀሉ ቁጥሩ በአጭር ጊዜ ይንራል። መኖው ለብዙ አፍ ይከፋፈልና ኩሬው ለገበያ በማይበቁ ትንንሽ ዓሦች ይሞላል። መፍትሔው ፈጥነው የሚያድጉትን ወንዶች ብቻ መጨመር ወይም ጫጩቶቹን እየበላ የሚቀንስ ጥቂት አምባዛ ማስገባት ነው። አምባዛው ሲገባ ግን ከቆሮሶዎቹ ያነሰ መኾን አለበት፤ አለበለዚያ የተቀለበውን ዓሣ ራሱን ይበላዋል።

በፍግና በቀላል መኖ ለሚተዳደር ኩሬ በካሬ ሜትር 2 ጫጩት በቂ ነው። በማሳያው ኩሬ 400 ጫጩት ይገባል ማለት ነው። ከ100 ጫጩት 80ው ቢተርፍና እያንዳንዱ 200 ግራም ቢደርስ 64 ኪሎ ግራም ዓሣ ይገኛል። ይህን በአካባቢው የዓሣ ዋጋ አባዝቶ ከቁፋሮው፣ ከጫጩቱና ከመኖው ወጪ ጋር ማነጻጸር የዕቅዱ አካል ነው።

ከገበያው ወደ ኋላ መቁጠር

የዓሣ ገበያ በዐቢይ ጾም ይደምቃል። ሞቃት በኾነ አካባቢ ቆሮሶ ለገበያ እስኪደርስ ከ6 እስከ 8 ወር ቢወስድበት፣ ለጾሙ ለማድረስ ጫጩቱ በሰኔና በሐምሌ መግባት አለበት። ስለኾነም ቁፋሮው ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ተጠናቅቆ ኩሬው በመጀመሪያው ዝናብ እንዲሞላ ማድረግ ይገባል። ጫጩቱ ሲመጣም የተጓጓዘበት ላስቲክ ሙቀቱ ከኩሬው ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ለ20 ደቂቃ ያህል በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይቆይና ቀስ ብሎ ይለቀቃል።

ስለ ዝርያና ስለ ጫጩት አቅርቦት በቅድሚያ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ፣ ከዚያም በባሕር ዳር የሚገኘውን የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል። ወደ ባለሙያው ሲኬድ ግን የፈተና ጉድጓዱን ውጤትና የሚያዝያን የውኃ መጠን ይዞ መሄድ ምክሩን ተጨባጭ ያደርገዋል። ጉድጓዱ ውኃ ካልያዘ የባከነው የአንድ ቀን ጉልበት ብቻ ነው፤ ሳይፈተን የተቆፈረው ኩሬ ውኃ ካልያዘ ግን የሚባክነው የአንድ ዓመት ጥሪት ነው።