ስለ ሐሰተኛ ሚሞሪ ካርድ ጥቂት ቃል



የደመወዝተኛ ኑሮ በልክ ስለ ሆነ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ብልኅነት ነው። ይሁን እንጂ በቴሌግራም ገበያ ያገለገለው ከሐሰተኛው ጋር ተቀላቅሎ መሸጡ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ በራሴ ስላየሁት፣ ለሌሎች ማስጠንቀቂያ ይሆን ዘንድ ይህች ደብዳቤ በጋዜጣችሁ ቦታ እንድታገኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሰርዶን እንዳፈራረሰና የሰው ሕይወት እንዳጠፋ የታወቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ተንቀጥቅጦ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን በለቀቀ ጊዜ፣ የማስተምራቸው ልጆች «አያቶቻችን ያን ጊዜ ምን አደረጉ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ከአዛውንቶች ዘንድ ሄደው ቃላቸውን በስልክ በምስልና በድምፅ እንዲቀዱ አዘዝኋቸው። ለማስቀመጫም 128 ጊጋ የሚል የተጻፈበት ያገለገለ ሚሞሪ ካርድ በቴሌግራም ከአዲስ አበባ ገዛሁ። ገንዘቡን በስልክ አስቀድሜ ላክሁ፤ ዕቃውም በአውቶቡስ መጣልኝ። ስልኬ ላይ ብከተው 128 ጊጋ ይላልና ደስ ብሎኝ ለልጆቹ ሰጠኋቸው።

ከሁለት ወር በኋላ ሥራቸውን ለማየት ተሰብስበን ብንከፍተው የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ብቻ ታዩ። የቀሩት ስማቸው አለ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው። በዚያ መካከል ቃላቸውን ከሰጡት አዛውንቶች አንዱ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሻጩን ብፈልገው ስሙም አድራሻውም ጠፍቷል። ገንዘቡስ ይቅር፤ የእኚያን ሽማግሌ ቃል ማን ይመልስልናል?

በኋላ እንደተረዳሁት የተንኮሉ ብልሃት ይህ ነው። በካርዱ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ መጠኑን አብዝቶ እንዲናገር ይደረጋል። እውነተኛው ቦታ 8 ጊጋ ቢሆንም ስልኩ 128 ነው ብሎ ያምናል። ስምንቱ እስኪሞላ ምንም ችግር አይታይም፤ ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ግን ወይ የፊተኛውን ያጠፋል፣ ወይ የትም ሳይገባ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ተንኮሉ አዲስ አይደለም። ልጆች ሳለን የጃፓኑን ፋሚኮም አስመስለው የተሠሩ የቴሌቪዥን መጫወቻዎች ነበሩን። በካርትሪጃቸው ላይ 9999 ጨዋታ የሚል ይጻፍ ነበር፤ ስንቆጥረው ግን እነዚያው ጥቂቶች ስማቸውን እየለወጡ ይመላለሱ ነበር። ያን ጊዜ ስቀን አለፍነው። ዛሬ ግን በእንዲህ ያለ ዕቃ የምናስቀምጠው የመሥሪያ ቤት ሰነድ፣ የልጆቻችን ፎቶግራፍና የአባቶቻችን ቃል ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼንና እኅቶቼን የምመክረው ይህን ነው። አንደኛ፣ ዕቃው እንደ ደረሰ ኤፍ ስሪ ወይም ኤች ቱ ቴስት ደብሊው በሚባሉት በነፃ በሚገኙ ፕሮግራሞች ይፈተን፤ እነዚህ ካርዱን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ብዙ ሰዓት ቢፈጅም አንድ ሌሊት መታገሥ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ብርቱ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ በዚህ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ሦስተኛ፣ ደረሰኝና የተጻጻፉት መልእክት ይጠበቅ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስለውጥ ወይም ገንዘቡን እንዲያስመልስ ተደንግጓል፤ አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ሻጩ ማን እንደ ሆነ ካልታወቀ ሕጉ ማንን ይይዛል? የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች የእነዚህን ገበያዎች አዘጋጆች የሻጮቻቸውን ማንነት እንዲያውቁ ቢያስገድዷቸው መልካም ነው።

በአፋር ምድር ዳጉ የሚባል የወሬ ሥርዓት አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ሐሰት የተናገረም ያፍርበታል። እኛም ገንዘባችንን ከመላካችን በፊት እንደ ዳጉ ሰው «ማን ነህ? ከወዴት ነህ? በዓይንህ ያየኸው ነውን?» ብንል ይበጀናል። ልጆቹ በሕይወት ካሉት አዛውንቶች ዘንድ እንደ ገና ሄደዋል፤ በዚህ ጊዜ የያዙት የተፈተነ ካርድና ደብተር ነው።

አንድ መምህር
ከሰርዶ