ሕክምናው ሲሻሻል የሰፋ ልዩነት

በ1980 እ.ኤ.አ. አካባቢ በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ ሴቶች በጡት ካንሰር የሚሞቱበት መጠን ተቀራራቢ ነበር። ዛሬ ጥቁር ሴቶች በበሽታው የሚያዙት ከነጮቹ በጥቂቱ አንሰው ሳለ፣ የሚሞቱት ግን በ40 በመቶ ገደማ በልጠው ነው። ልዩነቱ የሰፋው ሕክምናው እየተሻሻለ በሄደባቸው ዓመታት መሆኑ ነው ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው።

ታሞክሲፈን የተባለው የጡት ካንሰር ክኒን በ1977 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ማሞግራፊ የተባለው የጡት ራጅ ምርመራ ደግሞ በ1980ዎቹ ተስፋፋ። ከ1989 ወዲህ በአገሪቱ በጡት ካንሰር የሚሞቱ ሴቶች መጠን ከ40 በመቶ በላይ ቀንሷል። ከዚህ በረከት ቀድመውና አብዝተው የተጠቀሙት ግን ነጮቹ ናቸው።

አንዱ ምክንያት የዕጢው ዓይነት ነው። ታሞክሲፈን የሚሠራው ሆርሞን በሚያሳድገው ዕጢ ላይ ነው። ይህ ክኒን የማይነካው ትሪፕል ኔጋቲቭ የተባለው ዓይነት በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ይታያል። ይሁንና “ጥቁር” የሚለው ስም የዕጢውን ጠባይ አይነግርም፤ በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ትሪፕል ኔጋቲቩን ከጋና ታካሚዎች በግማሽ ያህሉ ሲያገኝ፣ ከኢትዮጵያውያኑ ያገኘው በ15 በመቶ ብቻ ነው፤ ከነጭ አሜሪካውያኑ ጋር ተቀራራቢ ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ ክኒኑ በሚሠራበት ዕጢ እንኳ ብዙ የሚሞቱት ጥቁሮቹ ናቸው።

ሌላውን ምክንያት፣ ዘግይቶ ወደ ሕክምና መምጣትን፣ ሐኪሙ ሃሮልድ ፍሪማን ጥቁሮች ይበዙበት በነበረው የኒው ዮርክ ሰፈር፣ በሃርለም ሆስፒታል አሳይተዋል። እስከ 1986 በሆስፒታሉ ከታከሙ 606 ሴቶች መካከል ግማሽ ያህሉ የመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነበር፤ አምስት ዓመት የኖሩት 39 በመቶ ብቻ ናቸው። ፍሪማን በ1990 “መንገድ መሪ” ሠራተኞችን አሰማሩ። ሥራቸው ቀጠሮ ማስያዝ፣ የመድን ወረቀት መጨረስ፣ የቀረችውን ታካሚ ደውሎ መጠየቅ ነው። ከዚሁ ጎን ነጻ ምርመራ ይሰጥ ነበር። ከ1995 እስከ 2000 በታከሙት ዘንድ አምስት ዓመት የኖሩት 70 በመቶ ደረሱ። በመካከሉ መድኃኒቱም ተሻሽሏል፤ ነገር ግን መድኃኒት የሚረዳው በጊዜ ለደረሰች ሴት ነው።

በ2000 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ በመንግሥት የምርመራ ፕሮግራም ካንሰር ለተገኘባቸው ድሃ ሴቶች የሕክምና ወጪ እንዲሸፈን በር ከፈተ። ልዩነቱ ግን አልተዘጋም። የጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለሳምንታት መመላለስ ይጠይቃል፤ በሰዓት ተከፋይ ለሆነች ሴት እያንዳንዱ ቀን የቀረ ደመወዝ ነው። ክኒኑም በየቀኑ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት ይዋጣል፤ ዋጋው ወይም የሚያመጣው ሕመም ከብዷቸው በመካከል የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። የምርመራው ውጤት አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ዕጣቸው የሚለያየው በእነዚህ ረጃጅም ወራትና ዓመታት ነው።