«ሥራ ናቁ» ከማለት በፊት

መኸር ሲደርስ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ ነፋስ መውጫም ሆነ መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ ወቀሳ መስማት የተለመደ ነው፤ አጫጅ በጠፋበት ሰዓት ልጁ ዲግሪውን ታቅፎ ተቀምጧል ይባላል። ፍርዱም አጭር ነው፦ ወጣቱ ሥራ ናቀ። ግን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ስንቱ ወጣት መተማና ሑመራ ወርዶ ለማያውቀው ባለሀብት ሰሊጥ ሲያርም ይከርማል? ጎረቤቱ ማሳ ላይ በቀን ሠራተኝነት ለመታየት የሚያፍረው ልጅ እዚያ ቆላ ላይ ጀርባው እስኪቃጠል ያጎነብሳል። ጉልበቱን የሰሰተ ሰው እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ እምቢ ያለው ምኑን እንደሆነ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ኢኮኖሚስቶች ከሒሳቡ ይጀምራሉ። ሥራ ፈላጊ ሁሉ በልቡ የቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ አለው፤ ከዚያ በታች ከመጣለት መጠበቁን ይመርጣል። የሥራ ፍለጋን ጠባይ ያጠኑት ፒተር ዳይመንድ፣ ዴል ሞርተንሰንና ክሪስቶፈር ፒሳሪደስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የዋለ ሰው ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሊቆም፣ ለመቀጠሪያ ፈተና ሊቀመጥ አይችልም፤ ዛሬ የያዘው ሥራ የነገውን ይዘጋበታል። የሚጠብቀው ነገር የተሻለ በመሰለው መጠን የዛሬው ዋጋ ይወደድበታል። እናትና አባት እንጀራ የማይከለክሉት ከሆነም እንዲሁ።

ፒተር ሰርኔልስ የተባለ አጥኚ የኢትዮጵያ ከተሞች ወጣት ወንዶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ያሳያል። ሥራ አጡ በአብዛኛው የድሃ ድሃ አልነበረም። የተማረ፣ ከመካከለኛ ቤተሰብ የወጣ፣ ሥራ ሲፈልግ የመጀመሪያው የሆነና ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ወንበር የሚመኝ ነበር። የሚጠብቅበትም ጊዜ በአማካይ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። ሥራ አጥ ሆኖ መቆየት ራሱ አቅም ይጠይቃል። ዘመድ የሌለው ልጅ ያገኘውን ሸክም ይሸከማል፤ ስለዚህም ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም።

ሁለተኛው ዋጋ የሚከፈለው በአካል ነው። መተማና ሑመራ ወባ አለ፤ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ለሚያድረው ሠራተኛ ደግሞ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ካላዛር አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር በወረርሽኝ መልክ ስትገኝ፣ ከቆላው እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘዋት ሳይመጡ እንዳልቀሩ ተገምቷል። ቆላ ወርዶ ታሞ የተመለሰ ወንድም ያለው ልጅ የቀን አበሉን ሲሰማ ከዚያ ላይ የሕክምናውን ይቀንሳል።

ፋብሪካም ከዚህ ነፃ አይደለም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ አጥኚዎች አምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ጋር ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ተከታተሉ። ሥራው ከደረሳቸው ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ለሌላው ወገን አጭር ሥልጠናና 300 ዶላር ገደማ ተሰጥቶት ስለነበር በዓመቱ ገቢው በሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ፋብሪካ የገቡት ግን በገቢ ሳይበልጡ በጤና ተጎዱ። (አምስት ዓመት ሲሞላ የሁለቱ ወገን ልዩነት መጥፋቱንም መናገር ይገባል፤ ገንዘቡም ተአምር አልሠራም።) በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ ማለትም 750 ብር ገደማ ነበር። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ ለምትኖር ልጅ ከዚህ ላይ ስንት ተርፎ ለእናቷ እንደሚላክ አንባቢው ራሱ ያስላው።

ዝቅተኛ ዋጋ ሰውን እንደሚመልስ መንግሥትም ያውቃል፤ እንዲያውም ሆን ብሎ ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው፣ ጋይንትና ስማዳ በሚገባ የሚያውቁት ሴፍቲኔት ለእርከንና ለመንገድ ሥራ በመጀመሪያ የከፈለው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ክፍያው ከገበያው ዝቅ እንዲል የተደረገው ሌላ አማራጭ ያለው ሰው ራሱ እንዲቀር ነው። በአንድ በኩል እምቢታው ተጠብቆ ዕቅድ ይወጣበታል፤ በሌላ በኩል ያው እምቢታ ስንፍና ይባላል። ይህ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ወደ ቆላው ተጓዥ እንመለስ፤ እሱን ሒሳብ ብቻውን አይፈታውም። ዳንኤል ሜይንስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ጅማ ላይ ሥራ አጥ ወጣቶች መካከል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትሟል። እዚያ ያገኘው ይሉኝታን ነው፦ በሰፈር የማይሠራው ሥራ አገር ተለውጦ ይሠራል። የእኛም ታሪክ ለዚህ ምስክር አያጣም። አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ስድብ ጠግበው ኖረዋል፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም። ትዳር ሲጠየቅ፣ ዕድር ላይ ሲቀመጡ የሚነሣ ነገር ነውና ልጁ ክብሬ ቢል ተጨባጭ ጥቅም እየቆጠረ ነው።

ይሁን እንጂ ክብር ሁልጊዜ ከዝቅታ አይሸሽም። ቤተ ልሔም ጋይንት ውስጥ የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ተማሪው ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ደበሎ ለብሶ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ከዚህ የከፋ ኑሮ ማን ያቀርባል? ግን ማንም አልናቀውም፣ እሱም አላፈረም፤ ዓመታቱ ሲያልቁ መሪጌታ እንደሚባል የሚያበላው ባላገርም ያውቃል። ቀደም ባሉ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ተደራጅታችሁ ኮብልስቶን አንጥፉ ሲባሉ የተሰማው ቁጣና ፌዝ ከድንጋዩ ክብደት ብቻ አልመጣም፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ማዕረግ ማንም አላሳያቸውም ነበር። ለአመልካች የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ብቻ ተነግሮት ሦስተኛው ዓመት ላይ የት እንደሚደርስ ካልተነገረው፣ የሚመዝነው ያችኑ ደመወዝ ብቻ ነው።