የትምህርት ቤት ጓደኞች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲገናኙ

«ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል» ይባላል። ይሁን እንጂ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው፣ በአንድ ደብተር ተጋግዘው ያጠኑ እኅቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ «አንቺ፣ አለሽ እንዴ?» ይባባሉና ስልክ ተለዋውጠው እስከሚቀጥለው ለቅሶ ይለያያሉ። ሐዘን ሳይጠራን መጠራራት ለምን ያቅተናል?

ለምሳሌ በ1967 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የነበሩትን እናቶች እንመልከት። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ወደ ገጠር ከተሰማሩት 60,000 ያህል ዘማቾች መካከል የእነርሱ ክፍል ጓደኞች ነበሩበት። ፊደል አስቆጠሩ፣ የገበሬ ማኅበር አደራጁ። ከዘመቻው በኋላ ግን ሁሉም ወደ ትምህርት ገበታ አልተመለሱም። አንዷ ማትሪክ አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ አንዷ የታይፕ ጽሕፈት ተምራ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች፤ አንዷ ተድራ ልጆች አሳደገች፤ ሌላዋ በሱዳን በኩል ተሰደደች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ደብዛቸው የጠፋም አሉ።

የሴት ልጅ የኑሮ ጎዳና በጉብዝናዋ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት፣ ባልንም የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆኖ፣ ባልና ሚስት በቤታቸው እኩል መሆናቸው በፌዴራል ደረጃ የተደነገገው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። እንግዲህ በክፍሏ አንደኛ ትወጣ የነበረችው ልጅ ከጓዳ ሳትወጣ ብታረጅ፣ ጥፋቱን በእርሷ ላይ መጫን አይገባም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲገናኙ ከአንደበት የሚቀድመው ጥያቄ ግን «የት ደረስሽ?» የሚል ነው። ዲግሪ ለያዘችው፣ ልጆቿ ውጭ አገር ላሉት ይህ ጥያቄ ቀላል ነው። በጡረታ አበል ለምትኖረው፣ ባል ለሞተባት፣ ልጅ ላልወለደች ወይም ላጣች ግን ፈተና ይሆናል። በዚህ የተነሣ ብዙዎች «ምን ለብሼ፣ ምን ብዬ እሄዳለሁ?» እያሉ ይቀራሉ። ከመካከላችን ጓደኛ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ምናልባት ይህች የቀረችው ናት።

ስለዚህ ስብሰባውን የሚያዘጋጁ እናቶች ጥቂት ነገሮችን ቢያስቡ መልካም ነው። ቦታው ውድ ሆቴል መሆን የለበትም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በየተራ ቤት ቡናና ቆሎ ይበቃል። መዋጮ ካስፈለገ እንደ አቅም ይሁን፤ ማን ስንት እንደሰጠችም በአደባባይ አይነበብ። «የት ደረስሽ?» በማለት ፈንታ «እንዴት ከረምሽ?» ማለት ለሁሉም የሚመለስ ጥያቄ ነው።

የጠፉትን መፈለግም ይቻላል። በአገራችን ሴት ብታገባም የአባቷን ስም አትለውጥም፤ በመሆኑም በአሮጌው የክፍል ስም ዝርዝር መጀመር ይጠቅማል። ነገር ግን በሰፈሯ የምትታወቀው «የእገሌ እናት» ተብላ ነው፤ ውጭ አገር ከሆነችም የባሏን ስም ይዛ ሊሆን ይችላል። ይህንንም አስቦ በስልክም፣ በልጆች ቴሌግራምም መጠያየቅ ነው። ከፎቶግራፉ ጀርባ የእያንዳንዷን ስም ዛሬ መጻፍ አይዘንጋ፤ ነገ የሚያስታውስ አይገኝም።

እድር በሐዘን ቀን ይደርሳል። ጓደኛ ግን አስቀድማ መድረስ ትችላለች፤ የታመመችውን ሐኪም ቤት ታደርሳለች፣ ብቻዋን የቀረችውን ትጠይቃለች፣ ትምህርቷን ያቋረጠችውን ለማታ ትምህርት ታበረታታለች።

እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች፣ በመጪው ስብሰባችሁ ላይ የመጡትን ብቻ አትቁጠሩ። ያልመጣችው ማን እንደሆነች ጠይቁ፤ ከዚያም ሁለት ሆናችሁ ወደ ቤቷ ሂዱ።