ነጥቧን የት እናስቀምጣት?

እንደሚታወቀው ወደዚህ አገር የመጣ ወገን ከፈተና አያመልጥም። መጀመሪያ የመንጃ ፈቃድ ይመጣል፤ ቀጥሎ የዜግነት ፈተና። እነዚህ ሁለቱ ጥያቄያቸው አስቀድሞ ስለሚጠና እንደ ዳዊት ተደግመው ይታለፋሉ። ሦስተኛው ግን፣ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ የሚያሰጠው ጂ.ኢ.ዲ. ይሁን ወይም የነርስ ትምህርት ቤት የመድኃኒት ልክ ሒሳብ፣ በቃል ጥናት አይገፋም። «እንግሊዝኛው ነው የሚጥለኝ» የሚሉ በኦክላንድም በሳን ሆዜም ብዙ ናቸው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከእንግሊዝኛው ባልተናነሰ ሰው የምትጥል አንዲት ትንሽ ነጥብ አለች፤ በቁጥር መሐል ተቀምጣ አንዱን አሥር፣ አሥሩን መቶ የምታደርግ።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ ጊዜ የተማረ ሰው እስከ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ የተማረው በአማርኛ ነው። «አስርዮሽ»ንም የሚያውቃት በዚያው በአማርኛ፣ በጥቁር ሰሌዳና በጠመኔ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር አብዮቱና ጦርነቱ ስንቱን ከትምህርት ገበታ ነጠለው! ስንቱስ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በከፈተው በር ገባ! ከ1994 ወዲህ የተማሩትም ብዙዎቹ ሒሳብን በየአካባቢያቸው ቋንቋ ጀምረው ኋላ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገሩ ናቸው። እዚህ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ሌላ ጣጣ ነው። እንግሊዝኛው መቶዎችን «ሃንድረድስ»፣ መቶኛዎችን ደግሞ «ሃንድረድትስ» ይላቸዋል። ለጆሮ ልዩነቱ የትንፋሽ ያህል ነው፤ በሒሳቡ ግን በመቶና በአንድ መቶኛ መካከል አሥር ሺህ እጥፍ አለ።

ጂ.ኢ.ዲ. ከጥር 2014 ጀምሮ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ሆኗል። የሒሳቡ ክፍል 115 ደቂቃ ይፈጃል፤ ለማለፍ ከ200 ነጥብ 145 ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች ያለ ካልኩሌተር ይሠራሉ። ፈተናው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ይዘጋጃል፤ በአማርኛ የለም። ስለዚህ ተፈታኙ አስርዮሽን ቢያንስ በራሱ ቋንቋ አጥርቶ አውቆ መግባት ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ወጥመድ ከአማርኛችን ጋር የተያያዘ ነው። ከ0.25 እና ከ0.3 የቱ ይበልጣል ቢባል፣ ብዙ ሰው ሳያመነታ 0.25ን ያነሳል። ምክንያቱም በልማድ «ዜሮ ነጥብ ሃያ አምስት» ብሎ ነው የሚያነበው፤ ሃያ አምስት ደግሞ ከሦስት ይበልጣል። ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥር አንድ በአንድ፣ «ዜሮ ነጥብ ሁለት አምስት» እየተባለ ቢነበብ ግን ሁለቱ በአሥረኛ ቤት፣ አምስቱ በመቶኛ ቤት መሆናቸው ይታያል። አሁንም ለተጠራጠረ ሰው ገንዘብ ጥሩ አስተማሪ ነው። 0.25 ስሙኒ ነው፤ 0.3 ሠላሳ ሳንቲም ነው። ስሙኒ ከሠላሳ ሳንቲም ይበልጣል ብሎ የሚሟገት ባለሱቅ በመርካቶም በቴሌግራፍ ጎዳናም አይገኝም።

ሁለተኛው ወጥመድ ማካፈል ነው። «ሲካፈል ያንሳል» የሚለው የልጅነት ትምህርት አስርዮሽ ላይ ሲደርስ ያታልላል። 6 ለ0.02 ሲካፈል መልሱ 300 ነው። ይህን ያየ ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ትክክለኛውን መልስ ይሰርዛል። ጥያቄው በሌላ አነጋገር «በስድስት ዶላር ውስጥ ስንት ሁለት ሳንቲም አለ?» ማለት ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ 0.02 ሙሉ ቁጥር እስኪሆን ነጥቧን ሁለት ቤት ወደ ቀኝ መውሰድ፣ በ6ቱም ላይ ያንኑ ማድረግና 600ን ለ2 ማካፈል። ማባዛት ላይ ደግሞ ነጥቦቹን ረስቶ አባዝቶ፣ በስተመጨረሻ ቤቶቹን መቁጠር ነው። 0.4 በ0.03 ሲባዛ፣ 4 ጊዜ 3 አሥራ ሁለት፤ ከነጥብ በኋላ በአንዱ አንድ ቤት፣ በሌላው ሁለት ቤት፣ በድምሩ ሦስት። መልሱ 0.012 ነው።

የአሥር ርቢ፣ ማለትም አሥር በራሱ እየተባዛ የሚሄድበት ስሌት፣ ሲነሳ ብዙዎች ከወንበራቸው ይነሳሉ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው የግዕዝ አኃዝን ያውቃል፤ ፲ አሥር፣ ፻ መቶ፣ ፼ እልፍ ወይም አሥር ሺህ ነው። ሺህ የራሱ ምልክት የለውም፤ ፲፻፣ አሥር መቶ ተብሎ ይጻፋል። ሚሊዮን ደግሞ ፻፼፣ መቶ እልፍ ነው። እንግዲህ መቶ በመቶ ሲባዛ እልፍ ይሆናል። በአሁኑ አጻጻፍ 10² በ10² ሲባዛ 10⁴፤ ሁለት ዜሮና ሁለት ዜሮ አራት ዜሮ። መቶ እልፍም 2 እና 4 ተደምረው 10⁶ ነው። ሲባዛ ከላይ ያሉት ትንንሽ ቁጥሮች ይደመራሉ፣ ሲካፈል ይቀነሳሉ የሚለው የመጽሐፍ ሕግ ከዚህ የተለየ ነገር አይልም። የአባቶቻችን አጻጻፍ የጎደለው ዜሮና ነጥብ ነው። ዛሬም ተፈታኙን የሚያስቸግሩት እነዚሁ ሁለቱ መሆናቸው ያስገርማል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ብርሃን በሴኮንድ 3 × 10⁸ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከፀሐይ እስከ ምድር 1.5 × 10¹¹ ሜትር ገደማ ነው። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል? 1.5 ለ3 ሲካፈል 0.5 ነው፤ ከ11 ላይ 8 ሲቀነስ 3። ስለዚህ 0.5 × 10³፣ ማለትም 500 ሴኮንድ፤ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ። ነገር ግን ምርጫዎቹ መካከል 0.5 × 10³ የሚል ላይኖር ይችላል። ደንቡ ከነጥቧ በፊት ከ1 እስከ 9 ያለ አንድ ቁጥር እንዲቀመጥ ስለሚያዝ 5 × 10² ተብሎ ይጻፋል። ሒሳቡን በትክክል ሠርቶ መልሱን አጣሁ የሚል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። አንዳንድ ካልኩሌተሮችም ትልቅ ቁጥር ሲመጣ የእንግሊዝኛውን «ኢ» ፊደል ያሳያሉ። ይህን «ኤረር ነው» ብሎ አጥፍቶ እንደገና መጀመር ደቂቃ ማባከን ነው፤ ፊደሉ የሚለው «ጊዜ አሥር በዚህ ርቢ» ነው።

ነጥብ የሚያሳስተው ስደተኛን ብቻ ነው የሚል ካለ አሜሪካኖቹን ይመልከት። በ2006 አንድ የሞባይል ስልክ ደንበኛ ወደ ካናዳ ሲሄድ ለእያንዳንዱ ኪሎባይት 0.002 ሳንቲም እንደሚከፍል በኩባንያው ሠራተኞች ተነገረው። ወደ 36 ሺህ ኪሎባይት ተጠቀመ፤ ሒሳቡ 72 ሳንቲም መሆን ሲገባው 72 ዶላር ገደማ መጣበት። ኩባንያው ያስከፈለው በ0.002 ዶላር ነበርና! ደንበኛው ደውሎ የ0.002 ዶላርንና የ0.002 ሳንቲምን ልዩነት ለማስረዳት ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው፣ እስከ አለቆቹ ድረስ ቢለፋም የሚገባው ሰው አጣ። ንግግሩን ቀድቶ አሰማውና ዓለም ሳቀበት።

ሳቁ የሚቆመው ነገሩ ሆስፒታል ሲገባ ነው። በቤይ ኤርያ ስንት እህትና ወንድም በነርስነት፣ በነርስ ረዳትነት፣ በአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚተዳደር ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በመድኃኒት ላይ ነጥብ አንድ ቤት ሸርተት ካለች በሽተኛው የሚወስደው አሥር እጥፍ ወይም አንድ አሥረኛ ነው። ለዚህም ነው ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 ባወጣው የተከለከሉ አጻጻፎች ዝርዝር ውስጥ ነጥብን ያካተተው። አንድ ሚሊግራም «1.0» ተብሎ አይጻፍም፤ ነጥቧ ካልታየች አሥር ይሆናልና። ግማሽ ሚሊግራምም ያለ ዜሮ «.5» ተብሎ አይጻፍም፤ አምስት ተብሎ ይነበባልና። «0.5» ነው።

በአዲስ አበባው የፈረንሳይ ሊሴ ወይም በአስመራው የጣሊያን ትምህርት ቤት የተማሩ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። በነዚያ አገሮች አጻጻፍ የነጥብን ሥራ የሚሠራው ኮማ ነው። 1,500 እዚያ አንድ ተኩል ሊሆን ይችላል፤ እዚህ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው።

የነርስ ትምህርት ቤት ጥያቄ ይህን ይመስላል። ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት 0.25 ሚሊግራም ታዝዟል፤ ያለው ክኒን 125 ማይክሮግራም ነው፤ ስንት ክኒን ይሰጣል? አንድ ሚሊግራም አንድ ሺህ ማይክሮግራም ስለሆነ ነጥቧ ሦስት ቤት ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ 0.25 ሚሊግራም 250 ማይክሮግራም ይሆናል። 250 ለ125 ሁለት ነው። ከመሥራት በፊት በግምት «አንድ ወይም ሁለት ክኒን ይሆናል» ብሎ ማሰብ ልማድ ቢሆን፣ 20 ወይም 0.002 የሚል መልስ ሲመጣ ራሱ ይጮኻል። ሃያ የልብ ክኒን በአንድ ጊዜ የሚያዝ ሐኪም የለም።

ለመለማመድ ገንዘብ የግድ አይደለም። የአዋቂዎች ትምህርት ቤቶች የጂ.ኢ.ዲ. ዝግጅት ይሰጣሉ፤ የኦክላንዶቹ ሌኒና ሜሪት ኮሌጆችም በሕዝብ የሚተዳደሩ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ናቸው። በካሊፎርኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ክሬዲት የሌላቸው ክፍሎች የትምህርት ክፍያ አይጠየቅባቸውም። ሲመዘገቡ ይህን ለይቶ መጠየቅ ነው።

እስከዚያው አንድ ጥያቄ ለቡና ሰዓት ትሁን። 0.075 ሚሊግራም ታዝዟል፤ ክኒኑ 25 ማይክሮግራም ነው። መልሱ ሦስት ክኒን ነው፤ 30 ወይም 0.3 ያገኘ ሰው ነጥቧን ከሄደችበት ፈልጎ ይመልሳት።