ልጅ ያቦካው እራት — የጃኪ ኩጋን ታሪክ

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይላል ያገራችን ሰው። ውድ አንባቢዎቼ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ታሪክ ግን ይህን ተረት የሚገለብጥ ነው። አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን አቦካ፤ ያቦካውም ለወላጆቹ እራት ሆኖ፣ ከእራትም አልፎ ለትልቅ ቤትና ለአውቶሞቢል ተረፈ። ባለቤቱ ሕፃን አድጎ ድርሻዬን ስጡኝ ባለ ጊዜ ግን ከገበታው የቀረው ፍርፋሪ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ተነሣ። እኔ በምሠራበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቼ ቻርሊ ቻፕሊን የሠራውን «ዘ ኪድ» የተባለ ድምፅ የሌለው ፊልም አሳየኋቸው። ሕፃኑ በድንጋይ መስኮት እየሰበረ ሲሮጥ፣ ቻርሊም መስተዋት ተሸክሞ የተሰበረውን ለመጠገን ብቅ ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሰዎች ሕፃኑን ነጥቀው በመኪና ሲጭኑትና እሱም እጁን ዘርግቶ ሲያለቅስ ግን ሁሉም ጸጥ አለ። ፊልሙ እንዳለቀ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ያ ልጅ ኋላ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእርሷ የመለስሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ጃኪ ኩጋን በሎስ አንጀለስ ከተማ በ1914 ዓ.ም. ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ በመድረክ ሥራ የሚተዳደሩ ስለ ነበሩ እሱም በሕፃንነቱ መድረክ ላይ ወጣ። በ1919 ቻርሊ ቻፕሊን በዚያችው ከተማ ቴያትር ቤት አየውና ልቡ ተነካ። በዚያው ዓመት የቻርሊ የመጀመሪያ ልጅ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን ሞቶበት ነበር። ራሱ ቻርሊም በልጅነቱ ለንደን ውስጥ በድኾች መጠለያ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ የተጣለ ሕፃንና የደኻ አሳዳጊው ታሪክ ለእርሱ እንዲያው የፈጠራ ወሬ አልነበረም።

ያንን የልቅሶ ትርኢት ሲያነሡ ጃኪ አላለቅስም ብሎ አስቸገረ። ቻርሊ በሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፣ አባትየው ልጁን ለብቻው ወስዶ፣ ካላለቀስክ እውነተኛው የድኾች መጠለያ እሰድሃለሁ ብሎ አስፈራራው። ሕፃኑም እውነተኛ እንባ አነባ። ኋላ ቻርሊ ሊያጽናናው ሲቀርብ ግን፣ አባቱ የሚቀልድ መሆኑን ያውቅ እንደ ነበር ሹክ አለው። ልጁ አባቱን ያምን ነበር ማለት ነው። ይህችን ነገር ልብ በሏት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ፊልሙ በ1921 በወጣ ጊዜ ጃኪ የዓለም ልጅ ሆነ። በ1922 «ኦሊቨር ትዊስት» ሆኖ ተጫወተ። አሻንጉሊቱ፣ ፊሽካው፣ የለውዝ ቅቤው ሳይቀር በስሙ ይሸጥ ነበር። በ1924 ደግሞ በምሥራቅ በኩል በጦርነትና በእልቂት ወላጆቻቸውን ላጡ የአርመንና የግሪክ ሕፃናት ርዳታ ሊሰበስብ አሜሪካንንና አውሮፓን ዞረ፤ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ርዳታም ተሰበሰበ። ይህ ወሬ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ሙት ልጆች ወደ አዲስ አበባ አምጥተዋል። በሙዚቃ ጓድነት በታሪካችን የሚታወቁት «አርባ ልጆች» እነዚያ ናቸው።

ለሌሎች ሕፃናት ሚሊዮን የሚሰበስበው ጃኪ ለራሱ የኪስ ገንዘብ የሚሰጠው በሳምንት 6 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ነበር። በልጅነቱ ያገኘው ገንዘብ ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። ልጁ ገንዘቡ ተቀምጦልኛል ብሎ አልጠየቀም። አባቱን ያምን ነበርና።

ልጅነት የማያልፍ የለም። ጃኪ ቁመቱ ሲረዝም፣ ያ የታወቀው ጸጉሩ ሲቈረጥ፣ ሥራውም እየቀነሰ ሄደ። በግንቦት 1935 ከአባቱና ከሌሎች ሰዎች ጋር ሲሄዱ መኪናው ተገልብጦ፣ ከተሳፈሩት ሁሉ ጃኪ ብቻ ተረፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ 21 ዓመት ሲሞላው ገንዘቡን ጠየቀ። እናቱና ኋላ ያገቡት የቤተሰቡ የገንዘብ ጉዳይ ኃላፊ ግን አንሰጥም አሉ። የካሊፎርኒያ ሕግም በእነርሱ በኩል ነበር፤ በዚያ ዘመን አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ያገኘው ሁሉ የወላጆቹ ነበርና።

ጃኪ በ1938 ፍርድ ቤት ቆመ። ነገሩ ሲመረመር ከዚያ ሁሉ ሀብት የተገኘው 250 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ፤ ለእርሱ የደረሰውም 126 ሺህ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ አንድ ተማሪ፣ «እናቱን እኮ ነው የከሰሰው! እንዴት ሰው እናቱን ይከሳል?» ብሎ ተነሣ። ክፍሉም ለሁለት ተከፈለ። እኔም ነገሩ ከብዶኝ ትንሽ ዝም አልሁ። ደመወዜን በተቀበልሁ ቍጥር ለእናቴ ከፍዬ እልካለሁ፤ ያሳደገችኝ እርሷ ናትና ደስ እያለኝ እልካለሁ። ነገር ግን የምሰጠው እኔ ነኝ። ያልተጠየቀ ልጅ ግን ሰጠ አይባልም፤ ተወሰደበት እንጂ። ሕፃን አምኖ የተወው ገንዘብ አደራ ነው፤ አደራ በላ ደግሞ እናትም ብትሆን ስሙ አይለወጥም። ለተማሪው የመለስሁለት ይህንኑ ነው። ሁሉም አልተስማሙም።

የጃኪ ሙግት ለእርሱ እምብዛም ባይጠቅመው ለሌሎች ጠቀመ። በ1939 ካሊፎርኒያ ከሕፃን ተዋናይ ገቢ ከፊሉ እንዲቀመጥለት የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ እስከ ዛሬም «የኩጋን ሕግ» ይባላል። ሕጉ መጀመሪያ ብዙ ቀዳዳ ነበረበት። በ2000 ተሻሽሎ ገቢው የልጁ የራሱ ንብረት መሆኑ ተደነገገ፤ ከመቶ 15 እጅም በስሙ እንዲቀመጥ ግዴታ ሆነ። በ2024 ደግሞ በኢንተርኔት ለሚታዩ ሕፃናት ጥበቃው ተዘረጋ።

ጃኪ ራሱ በችግሩ ተሰብሮ አልቀረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተር የሌለውን አይሮፕላን እየነዳ በበርማ ከጠላት ጦር ጀርባ ወታደሮች አወረደ። ከ1964 እስከ 1966 ደግሞ «አዳምስ ፋሚሊ» በተባለው የቴሌቪዥን ትርኢት መላጣውን አጎት ፌስተርን ሆኖ አዲስ ትውልድ አሳቀ። በ1984 በ69 ዓመቱ ዐረፈ።

ውድ አንባቢዎቼ፤ ዛሬ ካሜራ በየኪሳችን አለ። ሕፃን ልጁን አስጨፍሮና አስቀልዶ በስልኩ ገንዘብ የሚያገኝ ወላጅ በእኛም አገር አይታጣም። «በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ» የተባለው እንዳይደርስብን፣ ልጁ ካገኘው ላይ ጥቂቱን በስሙ ባንክ እናኑርለት። ልጁ አይጠይቀንም፤ ያምነናልና።