«መጫን» ወይስ «መትከል»? ዊኪን በሊኑክስ ላይ ስለ ማቋቋም የቀረበ የስያሜ ማብራሪያ

ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ በይፋት ቆላና ተዳፋት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና አርጎብኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ከእነዚህ መካከል አርጎብኛ በብዙ መንደሮች ለአማርኛና ለኦሮምኛ ስፍራውን እየለቀቀ በመሆኑ፣ ቃላቱን በተናጋሪዎቹ ቀዬ መመዝገብ ቀጠሮ የማይሰጠው ሥራ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚያመቹት መሣሪያዎች አንዱ ዊኪ ነው። ዊኪ ማለት ብዙ ሰዎች በየገጹ የሚጽፉበትና የሚያርሙበት፣ የቀድሞው ንባብም ሁሉ ከነአራሚው መለያ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት መድብል ነው። ስሙ ከሃዋይኛ «ፈጣን» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 ከሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ መጠሪያ ወስዶ ሰጥቶታል። መጠሪያ ስም ስለ ሆነ አቻ መፈለጉ ከንቱ ድካም ይመስለናል።

አቻ የሚያሻው ሶፍትዌርን በኮምፒዩተር ላይ ለማቋቋም የሚፈጸመው ተግባር ነው። ዛሬ የተለመደው «መጫን» ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ግሥ ቁልፍን በጣት መግፋትንም ስለሚያመለክት፣ ተርጓሚው «ለመጫን ይህን ይጫኑ» የሚል ግራ አጋቢ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ይገደዳል። ከዚህም በቀር፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ የሚመጡ ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን በሚያራግፉበት በአልዩ አምባ ገበያ አገር፣ ጭነት ከግመሉ ጋር አንድ የማይሆን፣ ሲመሽ የሚወርድ ነገር ነው። «መትከል» ግን ምሰሶን፣ ድንኳንን፣ ችግኝን ይመለከታል፤ «የፋብሪካ ተከላ» የሚለውም አነጋገር ቀድሞ የተለመደ ነው።

ሥራውን ለተመለከተ ሁለቱም ቃላት በየተራቸው ይፈለጋሉ። ሜዲያዊኪ የተባለውን ሶፍትዌር እንውሰድ። በዴቢያን ሊኑክስ «አፕት» የተባለው ትእዛዝ ሦስት ነገሮችን ያመጣል፤ እነርሱም ድረ ገጽ አቅራቢው አፓቼ፣ የፕሮግራም ቋንቋው ፒኤችፒ፣ የመረጃ ቋቱ ማሪያዲቢ ናቸው። ይህን «መጫን» ብንለው አያስነቅፍም። ከዚያ በኋላ በቋቱ ውስጥ ለዊኪው ስፍራ ይከፈታል፤ ተጠቃሚና የይለፍ ቃል ይሰየማል፤ የሜዲያዊኪ ፋይሎች በአፓቼ ማኅደር ውስጥ ይዘረጋሉ፤ በማሰሻ የሚከፈተው የማዋቀሪያ ገጽ ስለ ቋንቋውና ስለ አስተዳዳሪው ይጠይቃል። በመጨረሻ «ሎካልሴቲንግስ» የተባለ ፋይል ያስረክባል፤ ይህ በማኅደሩ ካልተቀመጠ ዊኪው አይከፈትም። ማን እንዲያርም እንደሚፈቀድ የሚወሰነውም በዚሁ ፋይል ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ «መትከል» ነው። ቋቱን፣ ሥዕሎቹንና ይህን ፋይል በየጊዜው ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥም የተከላው ክፍል ሆኖ መቆጠር አለበት። አንዴ ከተተከለ በኋላ ዊኪው ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ ግቢ መረብ ብቻ ሊያገለግል ይችላል።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይበልጥ የሚያሳስበው የሆሄ ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚለየው በድምፁ ሳይሆን በዩኒኮድ ቁጥሩ ስለ ሆነ፣ «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበውን «ጸሃይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ላያገኘው ይችላል። ለአማርኛው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለየአጻጻፉ ወደ ዋናው የሚመራ ገጽ ይከፈታል። ሞክሼ ሆሄያትን በአንድ ደንብ መጠቅለል ግን ለአርጎብኛው አይበጅም። አርጎብኛ፣ አማርኛ በአንዳንድ ቃላት መነሻ የጣለውን የ«ሀ» ወገን ድምፅ ጠብቆ ይዟልና፣ መዝጋቢው የትኛውን ሆሄ ለየትኛው ድምፅ እንደ መደበ በዊኪው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስቀድሞ መግለጥ ይኖርበታል።